ከሃምሳው ሦስቱ

ቤት ውስጥ የተጠመቀ ቢራ ለውድድር ሲቀርብ ዳኞቹ የሚሞሉት ቅጽ ከሃምሳ የሚታሰብ ነው። አሜሪካ ለቤተሰብ የሚሆን ቢራ በየቤቱ መጥመቅን በፌዴራል ሕግ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1978፣ በፕሬዚዳንት ካርተር ፊርማ ነው። በ1985 ደግሞ ዳኞችን የሚያሠለጥንና የሚፈትን ፕሮግራም ተቋቋመ። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት የውጤት ቅጽ የዚህ ፕሮግራም ነው። ለሽታ 12 ነጥብ፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ ለሚሰማው ክብደትና ልስላሴ 5፣ ለአጠቃላይ ግምት 10 ይሰጣል። መልክ ሲባልም ቀለም ብቻ አይደለም። የአረፋው ውፍረትና ዕድሜ፣ የፈሳሹ ጥራት ወይም ድፍርስነት፣ ሁሉም በዚያችው ሦስት ነጥብ ውስጥ ይጋፋሉ።

ይህን ቅጽ ባየሁ ቁጥር ልቤ የሚሄደው ወደ አንድ ቢራ ነው፤ ባቫሪያዎች ዱንከልቫይትሰን ወደሚሉት ጥቁር የስንዴ ቢራ። ከነጣው ወንድሙ ከሄፈቫይትሰን የሚለየው በጥቁረቱ ነው። ሰው ሲያዝዘውም በቀለሙ ነው የሚጠራው። ዳኛ ፊት ሲቀርብ ግን ስም ያወጣለት ቀለም ከሃምሳ ውስጥ ሦስት ነጥብ እንኳ ብቻውን አይሞላም። የቀሩትን አርባ ሰባት ነጥቦች የሚሰጡት አፍንጫና ምላስ ናቸው። ስለዚህ ይህን ቢራ የሚጠምቅ ሰው የሚቀርብለት ጥያቄ የዋዛ አይደለም፤ ዓይን ቢጨፈን ጥቁረቱ ይገኛል?

ለነገሩ ጥቁር ይባል እንጂ ጥቁር አይደለም። ከመዳብ መልክ ተነሥቶ እስከ ደማቅ ቡናማ ይደርሳል፤ ብርጭቆውን ወደ መስኮት ከፍ ቢያደርጉት ዳር ዳሩ ቀይ ይላል። አልኮሉ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ ነው። የሆፕሱ ምሬት ዝቅተኛ ነው፤ የምሬት መለኪያው ከ10 እስከ 18 ይላል፤ መኖሩ ቢታወቅ ነው እንጂ አይናገርም። ቢያንስ ግማሹ ብቅል ስንዴ መሆን አለበት፤ በጀርመን የስንዴ ቢራ ተብሎ እንዲሸጥ ሕጉ የሚጠይቀው ይህን ነው። የቀረው ገብስ ነው፤ ስንዴ ገለባ ስለሌለው ብቻውን ሲጠመቅ እንደ ሊጥ ይጣበቅና አልጠልል ይላል።

ቢራን ማጥቆር ቀላል ነው። በባምበርግ ከተማ ከ1879 ጀምሮ ብቅል የሚሠራው የቫየርማን ፋብሪካ ካራፋ የሚባል እጅግ የተቆላ ብቅል አለው፤ ምሬቱ እንዲቀንስ ገለባው ተፍቆ የሚቆላም ዓይነት አለው። ለሃያ ሊትር ቢራ ከዚህ ብቅል 100 ግራም ያህል ቢጨምሩ ነጣ ያለው ቢራ ዓይን እያየ ይጠቁራል። መልኩ በቅጹ ላይ ሦስቱንም ነጥብ ሊያስገኝ ይችላል። ግን ዓይንዎን ጨፍነው ቢጠጡት ያው የቀድሞው ነጭ ቢራ ነው። ብዙ የቤት ጠማቂ ይህን መንገድ ይመርጣል። አልነቅፈውም፤ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው። ዱንከልቫይትሰን ብዬ ለመጥራት ግን ይከብደኛል።

ሌላው መንገድ ረጅም ነው። ተራው የገብስ ብቅል በመጨረሻ የሚደርቀው በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ሙኒክ ብቅል የሚባለው ግን እስከ 100 ዲግሪና ከዚያም ትንሽ በላይ ይደርሳል። በዚህ ሙቀት የእህሉ ስኳርና ፕሮቲን ይገናኛሉ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር በ1912 የገለጸው ምላሽ ይኸው ነው፤ ለዳቦ ቅርፊት፣ ለተጠበሰ ሥጋ፣ ለተቆላ ቡና መልክና ሽታ የሚሰጠው እርሱ ነው። ሙኒክ ብቅል ቀለሙን ያገኘው በመቃጠል አይደለም፤ ከዳቦ ጋር በአንድ ሕግ ነው። ስለዚህ ቀለሙ ብቻውን አይመጣም፤ ሽታውን ይዞ ይመጣል። ለሃያ ሊትር 2.8 ኪሎ ጠቆር ያለ የስንዴ ብቅልና 1.9 ኪሎ ሙኒክ ብቅል ብወስድ፣ ካራፋው ለቀለም ማስተካከያ ከቁንጥር ያለፈ አያስፈልገኝም።

የድሮ ባቫሪያ ጠማቂዎች በዚህ ላይ ሌላ ድካም ይጨምሩ ነበር፤ ዛሬም የማይተዉት አሉ። ብቅሉ በሙቅ ውኃ ተበጥብጦ ሳለ ከወፍራሙ ክፍል ሲሦውን ያህል ቀድተው በሌላ ድስት ያፈሉታል፤ ሲፈላ ቆይቶ ወደ ዋናው ሲመለስ የጠቅላላውን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ሙቀት መለኪያ ባልነበረበት ዘመን ይህ የተመጠነ ሙቀት ማግኛ ዘዴ ነበር። መጠኑ ከታወቀ ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ዛሬ መለኪያ አለ፤ ምድጃውን በአዝራር የሚቆጣጠር ሰው ድፍድፍ እየቀዳ የሚያፈላበት ምክንያት የለም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ዘመናዊው ብቅል በደንብ የተዘጋጀ ስለሆነ ክርክራቸው ውኃ ያነሣል። እኔ ግን ወፍራሙ ድፍድፍ እየፈላ፣ ታች እንዳይዝ ባልተቋረጠ ማማሰል ውስጥ፣ ሽታው ከጥሬ ዱቄት ወደ ገንፎ፣ ከገንፎ ወደ ዳቦ ቤት ሲሻገር ቆሜ ማሽተት እወዳለሁ። ጣዕሙ ላይ የሚጨምረው ምን ያህል እንደሆነ ቢያከራክርም፣ ጠማቂው ቢራው የሚሄድበትን አቅጣጫ በአፍንጫው የሚያውቀው እዚያ ድስት አጠገብ ነው።

የጠላ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። አሻሮ ሲታመስ ያደገ አፍንጫ ምሥጢሩን ያውቀዋል። የጠላው መልክ የሚወጣው ከአሻሮውና ምጣድ ላይ ከተጋገረው ቂጣ ነው። ጥሩ ጠማቂ አሻሮውን ስታምስ በዓይኗ ብቻ አትመራም፤ ሽታው ሲዞር ታነሣለች። ካሳለፈችው ያረረው ለጠላው ምሬት ይተርፋል፤ ያን ምሬት ጌሾም አይሸፍነው። በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ ጌሾ በሻንጣ እያስመጡ ጠላ የሚጠምቁ እናቶች አሉ። አንዳቸውም የዳኝነት ቅጽ ሞልተው አያውቁ ይሆናል፤ የእህል ጥብስ ከእህል እርር የሚለይበትን ድንበር ግን ከብዙ ዳኛ ይልቅ ያውቁታል። ዱንከልቫይትሰን የሚወድቀው ወይም የሚቆመው በዚህ ድንበር ላይ ነው። የቡና ሽታ ካለው፣ ያረረ ከሸተተ፣ ሌላ ቢራ ሆኗል፤ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ስሙ ግን ይህ አይደለም። የጠላ ጭስም ሆነ የጠላ መኮምጠጥ እዚህ ቦታ እንደሌላቸው መናገር ይገባል፤ በጠላ ሙያ የሚባለው በዚህኛው ጉድለት ይሆናል።

ታሪኩን ባጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1516 በኢንጎልሽታት የታወጀው የባቫሪያ ሕግ ቢራ በገብስ፣ በሆፕስና በውኃ ብቻ እንዲሠራ አዘዘ፤ ስንዴ ለዳቦ እንዲተርፍ ነው ይባላል። ሕግ አውጪዎቹ ግን የስንዴ ቢራ መጥመቅን ለአንድ መሳፍንት ቤተሰብ፣ ለዴገንበርጎች፣ ፈቀዱ። በ1602 የቤተሰቡ የመጨረሻ ወራሽ ያለ ልጅ ሲሞት መብቱን መስፍን ማክሲሚሊያን ቀዳማዊ ወሰደው፤ የስንዴ ቢራም ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥቱ ገቢ ሆነ። በኋላ ጠጪው ሌላ ቢራ ሲለምድ ገበያው ተቀዛቀዘ፤ በ1872 ጌኦርግ ሽናይደር የሚባል ጠማቂ ከንጉሥ ሉድቪግ ዳግማዊ የመጥመቅ መብቱን አገኘና ሙያው ከመጥፋት ዳነ። የድሮው የስንዴ ቢራ ብዙ ጊዜ ጠቆር ያለ ነበር። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ደግሞ ወጣት የማይነካው፣ ሽማግሌዎች ለጤና ይበጃል እያሉ የሚጠጡት መጠጥ ሆኖ ቆየ። ገበያው ተመልሶ ሲደራ የደራው ነጣ ያለው ነው፤ ጥቁሩ ተከታይ ሆነ።

በዚያ በ1516 ሕግ ውስጥ አንድ ነገር አልተጠቀሰም፤ እርሾ። የእርሾን ሥራ ያብራራው ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራ የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1876 ነው። ይህን ሳስብ ይገርመኛል፤ ምክንያቱም ይህን ቢራ ከሌሎች ሁሉ የሚለየው እህሉ ብቻ ሳይሆን እርሾው ነው። ከሙኒክ በስተሰሜን፣ ፍራይዚንግ ከተማ ዳር ካለው ከቫይንሽቴፋን የወጣው፣ በቁጥር 68 የሚታወቀው እርሾ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የቤት ጠማቂዎች ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጧል። ይህ እርሾ የገባበት ቢራ ሙዝና ቅርንፉድ ይሸታል። ሙዝም ቅርንፉድም አልገባበትም።

ቅርንፉዱ የሚጀምረው ከእህሉ ነው። በብቅሉ ሽፋን ውስጥ የታሰረ ፌሩሊክ አሲድ አለ። የተበጠበጠው ብቅል በ43 እና በ45 ዲግሪ መካከል ለሩብ ሰዓት ያህል ቢያርፍ ይህ አሲድ ይፈታል፤ እርሾው በኋላ ወደ ቅርንፉድ ሽታ ይለውጠዋል። አብዛኛው የቢራ እርሾ ይህ ችሎታ የለውም። ይኸው ሽታ በብዙ ሌላ ቢራ ቢገኝ ዳኛው ጉድለት ብሎ ይጽፈዋል፤ እዚህ ግን ካልተገኘ ነው የሚጽፈው። ሙዙ ግን የእርሾው የራሱ ሥራ ነው፤ አይሶአሚል አሲቴት የሚባለው ውሕድ ነው፤ የሙዝን ፍሬም ሙዝ የሚያሸትተው በዋናነት እርሱ ነው። ሁለቱን የሚያመዛዝነው ሙቀት ነው። የማብላያው ክፍል ቀዝቀዝ ሲል ቅርንፉዱ ይታወቃል፤ 22 ዲግሪን ሲያልፍ ሙዙ ይበረታል፣ ከዚያም አልፎ ወደ ማስቲካ ያደላል። ጠማቂዎች ዘንድ አንድ ቀመር አለ፤ እርሾው የሚገባበትና ቢራው የሚብላላበት ሙቀት ተደምሮ 30 ይሁን ይላሉ፣ በ12 ጀምሮ ወደ 18 መውጣት ማለት ነው።

ለነጩ ቢራ ሙዙ ትንሽ ቢበዛ አይከፋኝም። ለጥቁሩ ግን በ17 ዲግሪ መያዝን እመርጣለሁ። ምክንያቱም እህሉ ራሱ ወደ ካራሜል የሚያደላ ጣፋጭ ሽታ ስላለው፣ የበሰለ ሙዝ ሲጨመርበት ከረሜላ ይሆናል፤ ሁለተኛ ብርጭቆ አያስመኝም። ቅርንፉዱ ደግሞ ደረቅ ነው፣ ጣፋጩን ይቆርጠዋል። እህልና እርሾ እዚህ ቢራ ውስጥ አንዱ ሌላውን ሳይጋርድ መሰማት አለባቸው። ሁሉንም ነገር ካከናወኑ በኋላ የሚቀረው ሥራ ይኸው ነው፤ በእጅ የሚሠራ ግን አይደለም። ጠማቂ የሚሠራው ጣፋጭ የብቅል ጭማቂ ነው። ቢራ የሚያደርገው ሌላ ነው።

ጠርሙስ ላይ ትንሽ እንቆይ። የስንዴ ቢራ ከሌላው ቢራ የበለጠ ጋዝ ይይዛል። ቢራው ተብላልቶ ካለቀ በኋላ በሊትር ከ9 እስከ 10 ግራም ስኳር ጨምሮ መክደን ነው፤ የቀረው እርሾ ይበላውና ጋዙ ውስጥ ይቀራል። ጠርሙሱ ወፍራም ካልሆነ ሊፈነዳ ይችላል፤ ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፣ የመስታወት ስባሪ በወጥ ቤት ውስጥ ቀልድ አይደለም። ጋዙ ለሚያምር አረፋ ብቻ አይደለም የሚፈለገው። ሽታውን ተሸክሞ ወደ አፍንጫ የሚያወጣው እርሱ ነው። ጋዙ ቢጠፋበት ሙዙም ቅርንፉዱም ብርጭቆው ውስጥ ተኝተው ይቀራሉ።

አቀዳዱም የራሱ ሥርዓት አለው። ረጅሙ ብርጭቆ በቀዝቃዛ ውኃ ይለቀለቃል፣ ዘንበል ይደረጋል፣ ቢራው በዝግታ በጎኑ ይወርዳል። ጥቂት ሲቀር ጠርሙሱ ይሽከረከርና ታች የተኛው እርሾ ተነሥቶ ከነድፍርሱ ከላይ ይፈስሳል። እኛ ጋ አተላ ለከብት ነው፤ እዚህ ጠጪው ካልተቀዳለት ቅር ይለዋል። ጉሽ ጠላ የሚወድ ሰው ይህን ለመልመድ ጊዜ አይፈጅበትም።

አሁን ወደ ፍርዱ። ዳኛ መጀመሪያ ያሸታል፤ ሽታ አይጠብቅም፣ ብርጭቆው ውስጥ ገብቶ ደቂቃ ሳይሞላው መለወጥ ይጀምራል። ከዚያ ያያል። ከዚያ ይቀምሳል። ይህ ቅደም ተከተል ብልህ ነው፤ ግን ዓይንን ሙሉ በሙሉ አያስጥልም። አፍንጫውን ወደ ብርጭቆው ሲያስጠጋ ቀለሙን አይቶታል። በ2001 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ይህን በደንብ አሳይቷል። ቦርዶ ውስጥ የወይን ጠጅ ሙያ ለሚማሩ 54 ሰዎች ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ ተደርጎ ቀረበላቸው። ሽታውን የገለጹት በቀይ ወይን ቃላት ነበር። የዋሸ የለም፤ አፍንጫቸው የነገራቸውን ነው የጻፉት። አፍንጫቸውን ግን ዓይናቸው ቀድሞ ነግሮት ነበር።

ስለዚህ በካራፋ ብቻ የጠቆረው ቢራ ከዳኛ ፊትም ሊያልፍ ይችላል። ቡናማውን ያየ ሰው ዳቦ ይሸተኛል ይላል፤ ካራሜል ይቀምሰኛል ይላል። ይህ ነገር ለብዙ ጊዜ ያሳስበኝ ነበር። ከቅጹ ይልቅ አሁን የማምነው ቀላል ዘዴ ነው፤ ሦስት የማያሳልፉ ኩባያዎች፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቢራ፣ አንዱ ሌላ። ቀማሹ የተለየውን ያውጣ። ፋብሪካዎችም ይህን የሦስትዮሽ ፈተና ይሠሩበታል። ነጩንና ጥቁሩን የስንዴ ቢራ እንዲህ አቅርቡና እዩ። ጥቁሩ በእውነት ጥቁር ከሆነ ቀማሹ አያመነታም።

ምን ይፈልግ? የሚፈለገውን በውጭ አገር የምግብ ስም መናገር ለእኛ አይጠቅምም። ለእኔ ቅርቡ ምሳሌ በኮባ ተጠቅልሎ የተጋገረ የድፎ ዳቦ የታችኛው ቅርፊት ነው፤ ያ ጠቆር ያለው፣ ጣፋጭ የሚመስል ግን ጣፋጭ ያልሆነ፣ ሲያኝኩት እህልነቱ የሚመለስ። ቢራው ይህን በመሐል ምላስ ላይ ካሳየ፣ ከበላዩ ሙዝና ቅርንፉድ በልክ ከተሰሙ፣ ሲዋጥም ደረቅ ብሎ ካለቀ ሥራው ተሠርቷል። የሚጣበቅ ጣፋጭነት ከቀረ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የካራሜል ብቅል መብዛት ነው። እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ኦክስጅን ገብቶበታል። የቆየ ከሆነ ደግሞ ቅርንፉዱ ይጠፋል፣ ሙዙ ይደበዝዛል፣ የእርሾው ዝቃጭ ራሱ መሽተት ይጀምራል። በዚህ ዓይነት ቢራ ዕድሜ ሀብት አይደለም።

ለማነጻጸሪያ የቫይንሽቴፋንን ወይም የፍራንሲስካነርን ጥቁር የስንዴ ቢራ አጠገቡ ማስቀመጥ ይረዳል። እነዚህ ሁለቱ ራሳቸው አንድ አይደሉም። ሁለቱም ጥሩ ናቸው ማለት ግን ሁለቱም ልክ ናቸው ማለት ነው፤ ቅጹ ይህን ለመናገር ሰፊ ቦታ የለውም።

አሁን ፊቴ ላለው፣ ራሴ ለጠመቅኩት፣ ፍርዴን ልስጥ። ሽታው 8፣ መልኩ 3፣ ጣዕሙ 13፣ በአፍ ውስጥ 4፣ አጠቃላይ ግምቱ 6። ተደምሮ 34፤ በቅጹ አነጋገር በጣም ጥሩ ከሚባለው መደብ ውስጥ ነው፣ ከላቀው ግን አይደለም። ሙሉ ነጥብ ያገኘው መልኩ ብቻ መሆኑን አይቼዋለሁ፤ ለዚህም ነው ይህን ቁጥር ከራሴ በቀር ሌላ ሰው እንዲቀበለው የማልጠይቀው።

እናንተ ከጠመቃችሁ ግን እንዲህ አድርጉ። አሻሮ ስታምስ የኖረች እናት ወይም አክስት በቅርብ ካለች፣ ቢራውን ፈቃዷ ከሆነ በማያሳልፍ ሸክላ ዋንጫ ቅዱላት። መልኩን አትንገሯት፣ ስሙንም አትጥሩ። የእህሉ አቆላል ደርሷል፣ ገና ነው ወይስ አርሯል ብላችሁ ጠይቋት፤ የምትላችሁንም ዋንጫው ውስጥ ያለውን ከማየታችሁ በፊት ጻፉት።